የተጠመቀው ሽጉጥ

ሽጉጡ የምን ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ አልጽፍም። ብጽፍ ከጓደኞቼ ጋር እጣላለሁ፤ "ፈላጊው ይበዛብናል" ብለው አስምለውኛል። ባልጽፍም ያደግኩበት ሰፈር ሰው መሳቁ አይቀርም። "አሜሪካ ድረስ ሄዶ ሽጉጥ የሚያሻሹ ሽማግሌዎች ማኅበር ገባ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ገብቻለሁ።

ማኅበሩ ስምም ሊቀመንበርም የለውም። ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ ውስጥ፣ አንድ ቤት ሥር ባለ ቤዝመንት ቅዳሜ ጠዋት የሚሰበሰቡ ሦስት ጡረተኞች ናቸው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እኔ አራተኛ ሆኜ ተጨመርኩ። የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቆርጡና ሲሞርዱ የኖሩ ናቸው። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም ነበር። ሦስተኛው ሃይስኩል ታሪክ ያስተምር ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ማስተማሩን አልተወም፣ ተማሪዎቹ እኛ ሆንን። በእንግሊዝኛ ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው የምጠራቸው። በልቤ ግን የቤቱን ባለቤት አንቱ እላቸዋለሁ፣ ሁለቱን አንተ። ሁለቱ ያሾፉብኛል፣ እሳቸው አያሾፉብኝም።

የሚሰበሰቡበት ጉዳይ አንድ ነው፦ ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ያለፈው አንድ የሪቮልቨር ዘር። ስድስት ጥይት የሚጎርስ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ከበሮ የሚሽከረከር ሽጉጥ ነው። "ዳብል አክሽን" ይሉታል። ቃታውን አንድ ጊዜ ስትስበው ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ያነሣል፣ መልሶ ደግሞ ይለቀዋል። በመሐሉ ከበሮው አንድ ቤት ዞሮ ቀጥ ይላል። ይኸው ነው። በዚህች ጉዳይ ሦስት የተማሩ ሰዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ያወራሉ። ከበሮው ሲቆለፍ "ቀጭ" የሚለውን ድምፅ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ፋብሪካው ለምን እንዳቆመ የተነሣ እንደሆነ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በእጃቸው የሚሞርዱት ሠራተኞች አረጁ፣ ሥራው አላዋጣ አለ፣ ተዘጋ። ጥርስ ሐኪሙ ይህን ሲናገር አንድ ቀን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዕድሜ ልኩን የሰው መንጋጋ ሲነቅል አንዲት ዘለላ ያልወጣው ሰው ነው።

የሚገርመው ደግሞ አለመተኮሳቸው ነው። እኛ አገር ብረት የሚወድ ሰው ሌላው ቢቀር ሠርግ ሲሆን ወደ ሰማይ ያንጣጣል። እነዚህ ግን ያያሉ፣ ይወለውላሉ፣ መልሰው ይጠቀልላሉ። ከተተኮሰ ይቆሽሻል፣ ከቆሸሸ ማዕረጉ ይወርዳል ይላሉ። የማዕረግ ነገር ከተነሣ የድሮ መኳንንት አጠገባቸው አይደርስም።

እኔ እንዴት ገባሁ? ሥራዬ በሽተኛ በቫን ማመላለስ ነው። የቤቱን ባለቤት፣ ሽማግሌውን፣ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሳመላልሳቸው፣ አገርህ ምን ትሠራ ነበር አሉኝ። መርካቶ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና እጠግን ነበር አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዓይናቸው ማውራት ተዉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ቤዝመንታቸው አስገብተው ሦስት ሽጉጥ በተራ ባዶውን አስቀጨጩልኝ። ከሦስቱ ሁለተኛው ትንሽ ይዘገያል አልኳቸው። ጥርስ ሐኪሙና መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡ። የስፌት መኪና ላይ መርፌዋ ስትወርድና ከሥር ያለው መንጠቆ ክሩን ሲይዝ ቅንጣት ታህል ካልተገጣጠሙ ስፌቱ ይዘላል። አሥራ አንድ ዓመት ያደመጥኩት ይህንኑ ነው። የዚያ ሽጉጥ ከበሮ መቆለፊያው ላይ የሚደርሰው መዶሻው ሊለቀቅ ሲል ነበር። ሦስቱም ያውቁት ኖሯል፤ እኔ በጆሮዬ ማወቄ ግን ነቢይ አደረገኝ። ስለ ሽጉጥ የማውቀው ነገር የለም ብል ማን ይስማኝ። የማውቀው መዘግየትን ነው።

እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ለቀልድ ገብቼ ነው የወደድኩት። ቃታው ሲሳብ እንደ ቅቤ ነው፤ የት ላይ እንደጀመረና የት ላይ እንዳለቀ ጣት አይለየውም። አንድ የማላውቀው ሰው ከኔ መወለድ በፊት ተቀምጦ ያንን በሞረድ ሲያስተካክል ይታየኛል። የዚያ ሰው ሥራ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከቡርንስቪል ስነሣ ባለቤቴ "ሽማግሌዎችህን ሰላም በልልኝ" ትለኛለች፤ እሷ ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ የሽማግሌ እጥረት የለባትም።

ሽማግሌው ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ሽጉጥ ነበራቸው። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል ከመጨረሻዎቹ አንዱን የገዙት ነው። ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ከበሮው እንኳ ዞሮ አያውቅም፤ ዞሮ ከሆነ ዙሪያውን ፀጉር የምታህል መስመር ትቀራለችና። የብረቱ ቀለም ጥቁርም ሰማያዊም የሚመስል ነው፤ ፊትህን ታይበታለህ። እሳቸው በነጭ ጓንት ያወጡታል፣ ሁላችንም እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን እናያለን፣ መልሰው ያስገቡታል። ታቦት እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ይወጣል፤ ይሄኛው አይወጣም።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው በበረታበት ሰሞን፣ ሁለት ነገር ተደራረበባቸው። ልባቸው ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል ተባለ፤ በዚያው ሳምንት የቤዝመንታቸው ቧንቧ በብርድ ፈነዳ። ሽጉጦቹ ደረቅ ቦታ ፈለጉ። ሌሎቹን ለጥርስ ሐኪሙና ለመምህሩ አካፈሏቸው። ያንን አንዱን ግን ለኔ ሰጡኝ። ሁለቱ ሲሰሙ እንደተከዳ ሚስት አኮረፉ። ሽማግሌው ግን ጓደኞቻቸውን ያውቃሉ። ለብቻው የቀረ ሰው "አንድ ጊዜ ብቻ" ብሎ ከበሮውን ያዞራል፤ አርባ ዓመት የተጠበቀው ነገር በአንድ ጣት ያልቃል። "አንተ አትነካውም" አሉኝ። ሁለታችንም ፈቃድ አለን፣ ወረቀቱን በሕጉ ፈረምን። ለሕጉ ወረቀቱ ይበቃዋል። እኔ ግን በውስጤ የሰማሁት አደራ የሚለውን ቃል ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ባለቤቴ ሦስት ነገር አዘዘችኝ፤ ሣጥኑ ሎክ ይደረግ፣ ቁልፉ ካንተ ኪስ አይውጣ፣ እናቴ እንዳትሰማ። ሁለቱን ፈጸምኩ። አማቼ ልጆቻችንን ሊይዙልን ከአዲስ አበባ ከመጡ አራት ወራቸው ነበር። የሚኒሶታ አየር ጉሮሯቸውን ስላደረቀባቸው እንፋሎት የምትተፋ ማሽን ገዝተንላቸው ቀን ከሌት ትሠራለች። ቤታችን መስኮቱ ያልበዋል። ሦስተኛውን ትእዛዝ ያፈረሰችው ልጄ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ለኛ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልን፤ ለአያቷ ግን ያለችውን ጥቂት አማርኛ አጠራቅማ "አባዬ ሽጉጥ አለው" ብላ ነገረቻቸው። ያን ያህል አማርኛ ማወቋ ያስደሰተኝ በኋላ ነው።

ከሥራ ስገባ አማቼ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ቤት የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ዕቃ አለ አሉ።"

ጥይት እንደሌለው፣ ተኩሶም እንደማያውቅ፣ የታመመ ሽማግሌ አደራ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"አደራ ከሆነማ ይባረካ። ክፈተውና ጠበል ልርጨው። ልቤ ይረፍ።"

እዚህ ላይ እምቢ የሚል ሰው ካለ አማት የለውም ማለት ነው። እኚህ ሴትዮ አንድ ጠርሙስ ጠበል በሻንጣቸው ልብስ መሐል ጠቅልለው ውቅያኖስ አሻግረው ያመጡ ናቸው። ሁለት ሦስት ጠብታ ናት ብዬ ሣጥኑን ከፈትኩ። እሳቸው ግን በስመ አብ ብለው እፍኛቸውን ሞሉ፤ ከአፈሙዙ እስከ እጀታው ረጩ፣ ደገሙ፣ ለቤቱ ለአራቱም ማዕዘን ሰጥተው የተረፈውን እንደገና ሽጉጡ ላይ አፈሰሱ። ተጠመቀ። የቀረው የክርስትና ስም ማውጣት ብቻ ነበር። እኔ ጨርቅ አነሣሁ።

"ተው ልጄ" አሉኝ እጄን ይዘው። "ጠበል አይጠረግም። በራሱ ይደርቃል።"

ተውኩ። ይሉኝታ ያዘኝ ብዬ ብቻ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ግማሹ ፍርሃት ነው። ልጅ ሆኜ ጠበል ተረጭቼ ፊቴን በእጅጌዬ ስጠርግ የቀመስኳት ኩርኩም እስከ ዛሬ ትሰማኛለች። አማቼ ሲተኙ እጠርገዋለሁ አልኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዳ ስትገባ ሣጥኑን ዘጋሁት፣ ሎክ አደረግኩት። ወዲያው ሹፌሮቹን የምታሰማራው ዲስፓቸር ደወለች፤ በበረዶው ምክንያት ሁለት ሹፌር ቀርቷል፣ ሺፍት ጨምርልኝ አለችኝ። ጨመርኩ። በማግስቱም፣ በሠለስቱም ጨመርኩ። መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ "ደርቋል" እላለሁ። ሣጥኑ ውስጡ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ውስጥ የገባ ውሃ እንደማይደርቅ የማያውቅ መካኒክ አለ ቢባል እኔ ራሴ እስቅበታለሁ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ከሆስፒታል ወጡ ተባለ። ልመልስላቸው ሣጥኑን ከፈትኩ። አፈሙዙ ላይና ከበሮው ጎን ላይ በርበሬ የነሰነሱበት ይመስል ነበር። ልብስ መስቀያው ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ውሸት ነው፣ ምን ይደበቃል። የእንፋሎት ማሽኗ ላይ ላላክክ አሰብኩ። ሣጥኑ ላይ ላላክክ አሰብኩ። ፋብሪካው ላይ እንኳ አሰብኩ፤ የተዘጋ ፋብሪካ መልስ አይሰጥም። ከዚያ ግን "አንተ አትነካውም" ያሉኝ ትዝ አለኝ። እውነትም አልነካሁትም። ባለመንካቴ ነው የበላሁት። አደራ በላ የሚለውን ስድብ ሰው ሲሰደብበት ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን የኔ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለአማቼ አሳየኋቸው። የእግዜር ፈቃድ ነው ብለው ያልፉታል ብዬ ልናደድባቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ብረቱን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"የሰው አደራ አስበላሁህ" አሉ። "ውሰደኝ። ሽማግሌን ሽማግሌ ነው የሚለምነው።"

ባለቤቴ ሥራ ነበረች፤ ስልክ ደውዬ ብነግራት "ቢያንስ ካፖርት አልብሳቸው" አለችኝ። አማቼ ካፖርቱን ከላይ ነጠላውን ደርበው፣ ጠርሙሳቸውን በጉያቸው ይዘው ቫን ውስጥ ገቡ። ጠርሙሷን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ግን ምን እላለሁ።

ሽማግሌው ሳሎን ውስጥ ተጋዳሚ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከስተዋል። ሲያስላቸው ደረታቸው ላይ ደግፈው እንዲይዙት ሆስፒታል የሰጣቸውን ትራስ አቅፈዋል። ጥርስ ሐኪሙና መምህሩ የየራሳቸውን አደራ ይዘው ቀድመውኝ ደርሰዋል፤ ጠረጴዛው ላይ በየጨርቁ ተደርድሯል፣ ሁሉም ንጹሕ ነው። ሣጥኔን ሽማግሌው ጭን ላይ አስቀመጥኩ። አማቼ እኔ እስክናገር አልጠበቁም። ጎንበስ አሉና የሽማግሌውን ጉልበት ለመሳም ሄዱ። ሽማግሌው የወደቁ መሰላቸው፤ ከነስፌታቸው ሊያነሷቸው ተፈናጠሩ። መምህሩ 911 ሊደውል ስልኩን አወጣ። ጥርስ ሐኪሙ አማቼን በብብታቸው ያዘ፣ አማቼም ይቅር ሳይሉኝ አልነሣም ብለው ታገሉት። በዚህ መሐል ነው "ዝጓል" ብዬ የጮኽኩት።

ሣጥኑ ተከፈተ። ጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። መምህሩ እንዴት፣ ለምን፣ በምን አእምሮ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልጄን፣ አማቼን፣ ጠበሉን፣ ሺፍቱን። ሽማግሌው እስኪያልቅ አላቋረጡኝም።

"ውሃ እንደነካው ካወቅክ ለምን አልጠረግከውም?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አይጠረግም" አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ሳብራራው የባሰ የሞኝ ነገር ሆነብኝ። የተባረከ ውሃ ነው፣ ያረፈበት ላይ ይደርቃል እንጂ ሰው በጨርቅ አይመልሰውም አልኳቸው።

ሣጥኑን ወደ ራሳቸው አስጠጉ። ከዚያ ጓንት ሳያደርጉ፣ በባዶ አውራ ጣታቸው፣ ዝገቱን ዳሰሱት። መምህሩ አየር ሳበ፤ በዚያ ሽጉጥ ላይ የሰው ቆዳ ሲያርፍ አይቶ አያውቅም።

"ባለቤቴ አንድ በጋ በዚህ ልተኩስ ብላኝ ነበር" አሉ። "አንድ ጊዜ ብቻ አለችኝ። ይበላሻል ብዬ ከለከልኳት። ሌላ ሰጠኋት፣ ይሄንን ነው የምፈልገው አለች። ከዚያ ወዲያ ደግማ አልጠየቀችኝም።"

ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው መሆኑን እናውቃለን። ሁለት ዓመት ቤዝመንታቸው ውስጥ ስቀመጥ ግን ስለ ሽጉጥ የማያውቁት ነገር የሌለ እኚህ ሰው ይህንን አንድም ቀን አላወሩም።

"አሁንማ ተበላሸ" አሉና ሳቁ። ስቀው ስቀው ትራሱን ደረታቸው ላይ ጨመቁት፤ ያማቸዋል፣ ግን ማቆም አልቻሉም። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። የሐፍረት ነው፣ የደስታም ነው፤ ለሁለት መክፈል አልቻልኩም።

አማቼ ሽማግሌው ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ስለ ሚስታቸው ያሉትን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ጠርሙሳቸውን ከጉያቸው አወጡ። አፍሬ ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ ሊረጩዎት ይፈልጋሉ አልኩ።

"እኔም እዝጋለሁ?" አሉ። ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

አማቼ ረጯቸው። ውሃው በግንባራቸው ወርዶ ቅንድባቸው ላይ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ አገጫቸው ላይ። መምህሩ ናፕኪን ዘረጋላቸው። ሽማግሌው እጁን ገፋ አደረጉና ያ አይጠረግም ያልከው ቃል በእናንተ ቋንቋ ምን ነበር አሉኝ። አልኩላቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ "ጠ" ላይ ሲደርሱ ምላሳቸው ይሰናከላል። አማቼ እንደ ፊደል አስተማሪ አፋቸውን ከፍተው አሳዩአቸው። ወደ ቤት ስንመለስ አማቼ "ሳይደግስ አይጣላም" አሉኝ፤ ከኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ያህል ነው መሰል፣ ጠርሙሷን ወንበራቸው ሥር ሸሸጓት።

በረዶው ሲቀልጥ አራታችን ሬንጅ፣ ዒላማ መተኮሻው ቦታ፣ ሄድን። አማቼ የብረት ጩኸት አልሰማም ብለው ቀሩ። ሽማግሌው ያንን ሽጉጥ ስድስት ጥይት አጎረሱት፤ ከበሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ፣ አልዘገየም። እጃቸው ገና አልጠናም። አምስት ተኮሱ፤ ሁለቱ የዒላማውን ወረቀት አገኙ፣ አንዱ ከጎናችን የሚተኩሰውን ሰው ወረቀት፣ ሁለቱ የት እንደገቡ ፈጣሪ ይወቅ። በስድስተኛው ላይ ቆሙ። ከበሮውን ከፍተው ያልተተኮሰችዋን ጥይት አወጡና መዳፋቸው ላይ አዩዋት፤ ከዚያ የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆለፏት። የማን እንደሆነች የጠየቀ የለም።

ጥርስ ሐኪሙ ክረምቱን ሙሉ ሲያስብበት ኖሮ ቦርሳውን ከፈተ፤ ዘይት፣ ጥጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሱፍ ይዟል። ያቺን ዝገት ብቻ፣ በቀስታ፣ ቀለሙን ሳልነካ ልጥረጋት አለ። እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ዝገቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ጆሯቸው በድምፅ መከላከያ ተደፍኖ ስለነበር የድምፃቸው ልክ አልታወቃቸውም።

"አይጠረግም" አሉት፣ "ጠ"ዋን ሳይስቱ። ሬንጁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።